ራሳቸውን የከሰሱ አዋላጅ

እትዬ ፋጡማ መሞታቸውን የሰማሁት ደብረ ብርሃን፣ አንድ የማያልቅ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነው። ድሮ ሸዋ ሮቢት ሳለሁ የማውቃት ሴት በስልኬ አጭር መልእክት ላከችልኝ፤ «እትዬ ፋጡማ ትናንት አርፈው ዛሬ ረፋድ ላይ ተቀበሩ። እንድታውቂው ብዬ ነው።» ሰብሳቢው ስለ ሩብ ዓመቱ ዕቅድ ያወራል። ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ማስታወሻ የምይዝ መስዬ አቀረቀርኩ። አላለቀስኩም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ሳምንት ወርጄ አያቸዋለሁ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። መንገዱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ጣርማ በርን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ልብሱን እያወላለቀ ምሳውን ሸዋ ሮቢት ይበላል።

ያልሄድኩት አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ ለመናገር ስለ እሳቸው መናገር አለብኝ፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ያወቅኳቸው ኮሌጅ ጨርሼ በአንድ የሴቶች መብት ማኅበር የሸዋ ሮቢት ቅርንጫፍ በጸሐፊነት ስቀጠር ነው። ቢሮው ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ከክንዴ ጋር ይጣበቃል። የሚመጡት ሴቶች ከቀወት ገጠር በእግራቸው፣ በአህያ፣ ሲቀናቸው በባጃጅ ነው። የተደበደበች ትመጣለች፤ ፍቺ ላይ ማሳ የተከለከለች ትመጣለች፤ ልጇን ያለ ዕድሜዋ ሊድሩባት የተነሡባት እናት ትመጣለች። ጠበቃችን በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ብቅ የምትለው። በቀረው ቀን ቢሮው የእኔና የእትዬ ፋጡማ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ያውቃሉ። ይህን የሥራ ክፍፍል ለመቀበል ግን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ በዚያን ጊዜ የምጽፍ ሰው እስከሆንኩ ድረስ የማውቅም እኔ ይመስለኝ ነበር።

ቀጭንና ረጅም ነበሩ፤ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ። እጃቸው ከሰውነታቸው ጋር የማይሄድ ትልቅ እጅ ነበር። አርባ ዓመት ያህል በቀወት መንደሮች አዋልደዋል፤ እስላሙም ቤት፣ ክርስቲያኑም ቤት። እኔ የክርስቲያን ልጅ «እንዴት ይሆንልዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እናቲቱ የምትጠራውን አብሬያት እጠራለሁ። ማርያም ካለች ማርያም፣ ያረቢ ካለች ያረቢ። በምጥ ሰዓት ሰው ብቻውን አይጣራም» አሉኝ። በኋላ መንግሥት ሴቶች ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲወልዱ ሲያደርግ አልተቀየሙም። «ደግ አደረጉ፤ እኔም ወገቤ አልቋል» ብለው እጃቸውን ታጥበው ወደ እኛ መጡ።

ወንበር አይወዱም። ባለጉዳይ ስትመጣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰሌን ላይ አብረዋት ቁጭ ይላሉ፤ እኔ ከጠረጴዛው ኋላ እንደ ዳኛ ተገትሬ እቀራለሁ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ወረቀት ማክበሬን አይተው ያሾፉብኝ ነበር። አንዲት ሴት የማስረጃ ክምር ይዛ ስትመጣና እኔ ተደስቼ ስቀበላት፣ «ወረቀት አያምጥም ልጄ፤ ያማጠችውን ጠይቂ» ይሉኛል። ግትር ነበሩ፤ «ያልኩት ያልኩት ነው» ካሉ አለቀ። ሰዓት ያሳለፈ ሰውን በአሽሙር ጠብሰው ነው የሚያስገቡት። ወሬም ይወዱ ነበር፤ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ሚስት ኮርፋ እናቷ ቤት እንደሄደች ሳያጣሩ ውለው አያድሩም። ያ ሁሉ ወሬ ለሥራቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በወረዳው ውስጥ ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ አስቀድሞ የሙሽራዋን ዕድሜ እንዲያረጋግጥ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ከጤና ጣቢያ፣ ከትምህርት ቤትና ከእኛ ማኅበር አንድ አንድ ሰው ይቀመጥበታል። የእኛዋ ሰው እትዬ ፋጡማ ነበሩ፤ ደብዳቤውን የምጽፍ ደግሞ እኔ። ችግሩ ቆላው ላይ ከተወለዱት ልጆች የልደት ወረቀት ያላቸው ጥቂት መሆናቸው ነበር። አባት «አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል» ይላል፤ ማን ይመሰክርበታል? እትዬ ፋጡማ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። እናቲቱን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ምጥ ሲይዝሽ የት ነበርሽ? ማሳው ላይ ምን ቆሞ ነበር? ገንፎሽን ማን አገነፋልሽ?» እያሉ ያወጧታል። እናት ዕድሜ ትዋሻለች እንጂ ምጧን አትዋሽም፤ ስታስታውሰው ፊቷ ይለወጣል።

አንዴ አንድ አባት ልጄ አሥራ ዘጠኝ ናት ብሎ ድርቅ አለ። እትዬ ፋጡማ ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ፣ ይቺ ልጅ የተወለደች የሮቢ ወንዝ ሞልቶ ሽንኩርትህን ጠርጎ የወሰደ ዕለት አይደለም? እኔ እናቷን ይዤ አንተ በር ላይ ሆነህ ሽንኩርቴን ሽንኩርቴን እያልክ ታለቅስ አልነበር? በል ንገረኝ፣ ሽንኩርቱ ከሄደ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሰውየው በጣቱ ቆጠረ። አሥራ አምስት ላይ ደረሰና ቆመ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ሰርጉ ቀረ፤ በሦስተኛው ዓመት ልጅቱ ስትዳር እትዬ ፋጡማን ከክብር እንግዶቹ ጋር አስቀመጧቸው። እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመን ሥራችን ሁሌ በሳቅ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

የሐዋ ጉዳይ የመጣው እሳቸው በሌሉበት ሳምንት ነው። እህታቸው ታማ ካራቆሬ ሄደው ነበር። እሳቸው ልጅቱን ሳያዩ ደብዳቤ አይወጣም፤ የታወቀ ደንባችን ነው። ሰይድ የሚባል ማሾ አምራች ገበሬ ልጁን ይዞ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ የክትባት ካርድ አወጣ። ንጹሕ ካርድ፣ የጤና ጣቢያው ማኅተም ያለበት፤ ሐዋ ሰይድ፣ የተወለደችበት ቀን፣ ሁሉም ተጽፏል። ስደምረው አሥራ ስምንት ሞልቷታል። የትምህርት ቤቱን መዝገብ ብጠይቅ እሱም ያንኑ ቀን ይላል። ልጅቱ ከአባቷ ኋላ ቆማለች፤ መለሎ ናት፣ ሻርፗ እስከ ወገቧ ይወርዳል። «ፈቅደሽ ነው?» አልኳት። «እሺ» አለች። ጥያቄዬ እሺ የሚያሰኝ እንዳልነበር እንኳ ልብ አላልኩም።

እንዲያ ያለ የተሟላ ወረቀት አግኝቼ አላውቅም። ደስ አለኝ። ለአንዴም ቢሆን ያለ እትዬ ፋጡማ አንድ ጉዳይ ልጨርስ ብዬ ቁጭ ብዬ ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። ኒካው ከሃያ ቀን በኋላ እንዲታሰር ቀን ተቆረጠ።

እትዬ ፋጡማ ሲመለሱ የሠራሁትን እየነገርኳቸው ነበር፤ በኩራት። የሰይድን ስም ስጠራ አቋረጡኝ።

«የትኛው ሰይድ?»

«የዘይነባ ባል፣ ማሾ የሚዘራው።»

«እስኪ አንብቢልኝ የጻፍሽውን።»

አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ከዚያ የሻርፓቸውን ጫፍ አንስተው ማሰርና መፍታት ጀመሩ። ሲጨነቁ የሚያደርጉት ነገር ነው።

«ቆንጆ ጽፈሻል ልጄ» አሉኝ። «ብቻ የጻፍሽላት ልጅ ከሞተች ቆይታለች።»

ነገሩን የነገሩኝ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ነው። ዘይነባ መጀመሪያ የወለደቻት ልጅ ሐዋ ትባል ነበር። ሦስት ዓመት ኖራ በኩፍኝ ሞተች። በዓመቱ ሌላ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱ የሟቿን ስም መሬት ላይ መጣል አልሆንላት አለና አዲሷንም ሐዋ አለቻት፤ በዚያ አካባቢ እንዲህ የሚያደርግ ቤት አልፎ አልፎ ይገኛል። ሁለቱንም ያዋለዱ እትዬ ፋጡማ ናቸው። ክትባት የሚሰጡት ሰዎች መንደር ለመንደር ሲዞሩ ካርድ የሌላትን አራስ «ጤና ጣቢያ ድረስ መጥተሽ አስመዝግቢ» ይሉ ነበር። ዘይነባ ደግሞ ከአልጋ አልተነሳችም።

«የሟቿ ካርድ ሳጥን ውስጥ ነበር። አንዴ ብቻ ተወግታ የቀረች ናት፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ስሙ ያው፣ የአባት ስም ያው። በዚያ ፀሐይ አራስ ይዤ ከምሄድ በዚሁ ትከተብ ብዬ አውጥቼ የሰጠሁ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ልጄ። ሕፃን መርፌ እንዳታጣ ብዬ።»

ትምህርት ቤቱም የመዘገባት በዚያው ካርድ ነበር። እንግዲህ ልጅቱ አሥራ አራት ነበረች። እኔ በማኅተም አራት ዓመት ጨምሬባታለሁ።

በማግስቱ ዘይነባን ፍለጋ አብረን ወጣን። ማሳቸው ላይ ማሾ እየለቀመች አገኘናት፤ ገና ጠዋት ሆኖ ፀሐዩ ይጠብሳል። እትዬ ፋጡማ ሰላምታውን፣ ከብቱን፣ እህሉን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ዘይነቤ፣ ኮሚቴው ፊት እውነቱን ንገሪ» አሏት። ዘይነባ እጇን ከመልቀም አላቋረጠችም።

«የጎረቤታችንን ልጅ ያውቋት የለ እትዬ?» አለች። «በእግሯ ወደ አረብ አገር ብላ የወጣችውን። ባሕሩ ጋ ልትደርስ ነው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ የለም። እናቷ አሁንም ስልክ በጮኸ ቁጥር ትበረግጋለች። የእኔዋም ዓይኗ መንገድ መንገድ ማየት ጀምሯል። ሰውየው ካራቆሬ ሱቅ ያለው ጨዋ ነው። ባል ካላት አትሄድም። በሕይወት ትኑርልኝ ነው ያልኩት፤ ይኼ ኃጢአት ነው?»

እኔ ስለ ሕጉ፣ ስለ ልጅነት ወሊድ አደጋ ማውራት ጀመርኩ። እትዬ ፋጡማ ክንዴን ያዝ አድርገው አስቆሙኝ፤ ጎንበስ ብለውም ከዘይነባ ጎን መልቀም ጀመሩ።

ስንመለስ ከነዘይነባ ቤት በታች ሐዋ ውኃ ቀድታ ስትመጣ አገኘችን። ጀሪካኗን አወረደችና የእትዬ ፋጡማን እጅ ሳመች። ከዚያ ወደ እኔ እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ እኔ ግን ስንት ዓመቴ ነው?»

እትዬ ፋጡማ ትልቁን እጃቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

«አሥራ አራትሽ ነው። ጠዋት ላይ ነው የመጣሽው፣ ማሾ እየተለቀመ። አላስቸገርሽም። ከወጣሽ በኋላ ነው ያለቀስሽው፣ እሱንም ትንሽ ነው።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ደስ ያላት ይመስል ነበር፤ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ከትምህርት ቤት የመጣ፣ ጢሙን በደንብ የሚያስተካክል ሰው ነው። እሱንም ያዋለዱት እትዬ ፋጡማ ናቸው፤ ሲወለድ በእግሩ እንደመጣ ሰው ሁሉ ፊት ስለሚያነሱበት ይሽኮረመም ነበር። ያን ቀን ግን ማንም አልቀለደም። ሰይድ በአንድ በኩል፣ ዘይነባ ከኋላው ተቀምጠዋል። እትዬ ፋጡማ ተነሥተው የካርዱን ነገር እንዳለ ተናገሩ፤ የሰጡት እሳቸው መሆናቸውንም አልደበቁም።

ሰይድ ተቆጣ እንጂ አልጮኸም። «ይቺ አዋላጅ ማኅበር ከገባች ወዲህ የሰው ቤት ማፍረስ ሥራዋ ሆኗል። ልጄ አንድ ናት፤ ካርዱም ያው።»

ሰብሳቢው ተጨነቀ። «እትዬ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ወረቀት በቃል ብቻ አይሻርም። እናቲቱ ትናገር።» ወደ ዘይነባ ዞረ። «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ከዚህች ልጅ በፊት ሌላ ወልደሻል?»

ዘይነባ ቀና አላለችም። የባሏ ትከሻ ፊቷን ጋርዶታል። በመጨረሻ፣ «አልወለድኩም። አንድ ሐዋ ናት ያለችኝ» አለች።

እትዬ ፋጡማ እንዴት እንደሚያወጧት አውቃለሁ። «ገንፎሽን ማን አገነፋልሽ?» ቢሏት ይበቃል። ቢሏት ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ዘይነባን ትክ ብለው አዩ፤ የሻርፓቸውን ጫፍ አሰሩ፣ ፈቱ።

«እሷን አትጠይቋት» አሉ። «ተዉአት። እኔን ክሰሱኝ።»

«ምን ብለን?» አለ ሰብሳቢው።

«የሰው ካርድ ለሰው ሰጥቼ መንግሥትን ያታለልኩ ብላችሁ።»

ማንም አልተነሳም። እሳቸው ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ፤ እኔ ተከተልኳቸው። ባጃጅ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ፖሊስ ነው፤ የሚሉትን ሰምቶ ሳቀ።

«እማማ፣ እዚህ የሚመጣው ሰው ሌላውን ሊከስ ነው።»

«እኔም ሰው ነኝ፤ ጻፍ።»

«ይሂዱ ቤትዎ፣ ይረፉ።»

«ልጄ፣ እስክትጽፍ እዚሁ ነኝ።»

ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። የከሰዓቱን የዐስር ሶላታቸውን እዚያው ሰገዱ። ፖሊሱ ሻይ አስመጣላቸው፤ አልጠጡም። ሲታክተው ብዕሩን አንስቶ ቃላቸውን ተቀበለ። እሳቸውም ሲጨርስ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ምርመራ ሲከፈት ካርዱ ለማስረጃ ተፈለገና ከሰይድ እጅ ተወሰደ። ካርዱ በምርመራ ላይ እያለ የእኔ ደብዳቤ አይሠራም ተባለ፤ ታገደ። የኒካው ቀን እንዲሁ አለፈ። የካራቆሬው ሰው ቤተሰቦች የክስ ወሬ ሲሰሙ ጊዜ ወስደው አሰቡበት፤ ከዚያም ሌላ ልጅ ጠየቁ።

በመመለሻችን ባጃጁ ውስጥ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው። «አንድ ጥያቄ ቢጠይቋት ትናገር ነበር እኮ። ለምን ተዉአት?»

«ትናገር ነበር» አሉ። «ከዚያስ? ማታ የምትገባው ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከሰይድ ጋር? ባሏን ሰው ፊት አዋርዳ? እኔ ባል የለኝም፣ ማሳ የለኝም። ከእኔ ምን ይወስዳሉ?»

የሚወሰድ ነገር ግን ነበራቸው። ዘይነባን ማንም ምንም አላላትም፤ የመንደሩ ቁጣ በሙሉ እሳቸው ላይ ወደቀ። ልጁ ሲታመምበት የሚጠራቸው፣ ሚስቱ ስታኮርፍ የሚያማክራቸው ሰው ሁሉ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ዐቃቤ ሕጉ ከወራት በኋላ መዝገቡን ዘጋው፤ ሐዋም የራሷ ዕድሜ ያለበት የልደት ወረቀት ወጣላት። ማኅበራችን ግን አልጠበቀም። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ ደውላ «በሐሰተኛ ሰነድ የተጠረጠረ ሰው በስማችን ሊቀመጥ አይችልም፤ ጠላቶቻችን ይህን ነው የሚፈልጉት» አለች። ለክፋት አይደለም፤ ፈርታ ነው። የስንብቱን ደብዳቤ የምጽፍ እኔ ነበርኩ። ጻፍኩት። «ይህ ደብዳቤ ነውር ነው፤ ጥፋቱ የጀመረው እኔ ያለ ደንብ በጻፍኩት ወረቀት ነው» ማለት እችል ነበር። ደመወዜን፣ ገና የተከራየሁትን ቤት አሰብኩና አፌን ዘጋሁ።

ይዤላቸው ሄድኩ። ቤታቸው በር ላይ ጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። «አንብቢልኝ» አሉኝ። ማኅበሩ ስላበረከቱት አገልግሎት ያመሰግናል ብዬ ከራሴ እየፈጠርኩ አንድ ሁለት መስመር እንዳልኩ እጃቸውን አነሡ።

«የተጻፈውን አንብቢ።»

አነበብኩት። ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀብለው በአራት አጠፉትና፣ «አማርኛሽ እያማረ ሄዷል» አሉኝ። አሽሙር ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። ውኃ አመጡልኝ፤ ጠጥቼ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ቢሮ ሠራሁ። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል፤ ቁጭ ብዬ ግን አላወራኋቸውም። ደብረ ብርሃን ሥራ ሳገኝ ለመሰናበት እንኳ አልሄድኩም።

አንድ ቀን ብቻ ደወሉልኝ፤ የጎረቤት ስልክ ይዘው። «ሐዋ ዛሬ ሄደች» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በራሷ ወረቀት ፓስፖርት አውጥታ፣ በአውሮፕላን አረብ አገር ሄዳለች፤ ሰው ቤት ልትሠራ። «እናቷ የፈራችው ይኼን ነበር። እንግዲህ አስቀረኋት ወይስ ሰደድኳት? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስኪ ንገሪኝ።» እኔም «ትልቅ ሰው ሆና የመረጠችው ነው፤ መብቷ ነው» አልኳቸው። ቢሮ ውስጥ የምንለው ቃል ነው። «ይሁን። አላህ ይጠብቃት» አሉና ስልኩን መለሱ። ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

በመልእክቱ ማግስት ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ የሸሿቸውም አሉ። እኔ እንግዳ መስዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቤ ዝቅ አለች። ዘይነባ ናት፤ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። ሐዋን ጠየቅኳት። «ትደውላለች። አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ትስቃለች። በሕይወት አለች» አለችኝ። ስንነሣ ስንቀመጥ ሰዎቹ እየወጡ ሄዱ።

«ያን ቀን አልወለድኩም ስል አንቺም ነበርሽ» አለችኝ በመጨረሻ።

«ነበርኩ።»

«በማግስቱ ውኃ ልቀዳ ነው ብዬ እሳቸው ጋ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ልጄን ካድኳት አልኳቸው። ሦስት ዓመት ያቀፍኳትን ልጅ፣ ሰው ፊት አልነበረችም አልኩ። አነሡኝና ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹አልካድሻትም። እኔ ዘንድ አስቀመጥሻት። አስታውሳታለሁ፣ አይዞሽ።› ከዚያ ወዲህ ናፍቃኝ በሄድኩ ቁጥር ስለ እሷ ያወሩልኝ ነበር። ሳቋን፣ ስትሄድ እግሯን እንዴት እንደምትጥል። ሰይድ ስሟ እንዲነሣ አይወድም፤ ሐዘኑ ነው። ሌላ የሚያስታውሳት ሰው የለም።» ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች። «አሁን እሳቸውም ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁባት። አንቺ ትጽፊ የለ? ጻፊልኝ።»

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም ጻፍኩ። መቼ እንደተወለደች ስጠይቃት ዓመቱን አልነገረችኝም፤ ማሽላው አፍርቶ ወፍ እየተጠበቀ እንደነበር፣ ምጡ ማሳ ላይ እንደያዛት፣ እትዬ ፋጡማ ሮጠው እንደመጡ ነገረችኝ። እንዳለችው ጻፍኩት። ከሥሩ ሦስት ዓመት እንደኖረች፣ ከእሷ በኋላም በስሟ የምትጠራ እህት እንደተወለደች ጨመርኩ። ወረቀቱን ስሰጣት ገልብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልም።

«ሁለት ናቸው ይላል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ሁለት ናቸው ይላል።»